የድንጋይ ካባ ፈቃድ ከወጣ በኋላ ሥራው ለምን ይቆማል?

የሲሚንቶ ወይም የአሸዋ ዋጋ ሽቅብ በወጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ዜና አብሮ ይመጣል። ባለፈቃዱ ድርጅት «ሕጋዊ ፈቃድ ይዤ አላሠራ አሉኝ» ይላል። ነዋሪው «ማን ጠይቆን?» ይላል። ወረዳው መሐል ላይ ሆኖ «ጉዳዩ እየታየ ነው» የሚል ደብዳቤ ይጽፋል። ሲኖትራኮቹ ተሰልፈው ይቆማሉ። ማኅበራዊ ሚዲያው ደግሞ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ነገሩን ሥርዓት አልበኝነት ይለዋል፣ ግማሹ የመሬት ነጠቃ።

ሁለቱም ጎራ የሚዘለው ነገር አለ። የማዕድን ፈቃድና የመሬት አጠቃቀም ውሳኔ አንድ አይደሉም። የሚሰጧቸው መሥሪያ ቤቶች ይለያያሉ፣ የሚመሩባቸው አዋጆችም እንደዚያው። የማዕድን ፈቃድ የሚመልሰው «ማን ያወጣል? እንዴት ያወጣል?» የሚለውን ነው። የመሬት አጠቃቀም የሚመልሰው «እዚህ ቦታ ላይ መውጣት አለበት ወይ?» የሚለውን። በእኛ አገር ጣጣውን የሚያመጣው ይህ ሁለተኛው ጥያቄ መጨረሻ ላይ መነሳቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኤክስካቫተሩ ቦታው ላይ ከደረሰ በኋላ።

ስለ የትኛው ማዕድን ነው የምናወራው?

የገጸ ምድር ማዕድን ማውጣት የሚባለው ዋሻ ሳይቆፈር፣ የላዩን አፈር ገፎ ከሥሩ ያለውን ማንሳት ነው። ወርቅም በዚህ መንገድ ይወጣል። በየመንገዱ ዳር የምናየው ግን በአብዛኛው ሌላ ነው፤ የድንጋይ ካባ፣ አሸዋ፣ ገረጋንቲ፣ ለሲሚንቶ የሚሆን የኖራ ድንጋይና ፑሚስ። ፑሚስ ከእሳተ ገሞራ የተረፈ፣ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ ነው። ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከክሊንከር ጋር ይፈጩታል። ክሊንከር ደግሞ ከምድጃ ተቃጥሎ የሚወጣው፣ ገና ያልተፈጨው ሲሚንቶ ነው።

የእነዚህ ማዕድናት ጠባይ ክርክሩን ይወስነዋል። ወርቅ በሻንጣ ይሄዳል፤ ሩቅ ቢሆንም ያዋጣል። አሸዋና ጠጠር ግን ከባድና ርካሽ ናቸው። መንገዱ በረዘመ ቁጥር የጭነቱ ሒሳብ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ካባ የግድ ለከተማና ለአስፋልት መጠጋት አለበት። ለከተማና ለአስፋልት የተጠጋ መሬት ደግሞ ፈላጊው ብዙ ነው። ገበሬ ያርሰዋል፣ ከተማ ይስፋፋበታል፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይታጠርበታል፣ ጉድጓድ ውኃ ይቆፈርበታል። ግጭቱ የሚጀምረው ከክፋት ሳይሆን ከዚህ ሒሳብ ነው።

ድንጋዩ የማን፣ አፈሩ የማን?

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ያው አንቀጽ ለአርሶ አደሩ መሬት ያለ ክፍያ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት ይሰጠዋል። በመሬቱ ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ ያፈራው ቋሚ ንብረት ደግሞ ሙሉ በሙሉ የራሱ ነው። መንግሥት ይህንን ለሕዝብ ጥቅም ሲል መውሰድ ይችላል፤ ነገር ግን ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል አለበት።

ከዚህ የሚወጣው ሥዕል ትንሽ እንግዳ ነው። ገበሬው ጤፉን የሚዘራበት አፈር በይዞታው ሥር ነው። ሁለት ሜትር ዝቅ ብሎ ያለው ባዛልት ግን የእሱ አይደለም። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 እና በኋላ የወጡት ማሻሻያዎቹ (816/2006 እና 1213/2012) የሚመሩት ባዛልቱን ነው። ፈቃዱ ማዕድኑን የማውጣት መብት ይሰጣል እንጂ የገበሬውን ይዞታ በራሱ አያጠፋውም። ይዞታው የሚነሳው በሌላ ሕግ፣ በሌላ ሥነ ሥርዓት ነው።

ያ ሌላ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው፤ መሬት ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅበትንና ካሳ የሚከፈልበትን ሁኔታ ይወስናል። የዚህ አዋጅ ትርጉም ክፍል ብዙ ሰው ሳያነበው የሚያልፈው ነገር አለው። «የሕዝብ ጥቅም» ማለት ባለሥልጣን ደስ ያለው ሁሉ አይደለም። ሥልጣን ያለው አካል በጸደቀ የመሬት አጠቃቀም ፕላን፣ በልማት ዕቅድ ወይም በከተማ መዋቅራዊ ፕላን ላይ ተመሥርቶ የሚሰጠው ውሳኔ መሆን አለበት። በሌላ አነጋገር ኮረብታው ለካባ እንዲውል በዕቅድ ካልተያዘ፣ ገበሬውን ለማስነሳት የቆመበት ሕጋዊ መሠረት ይሳሳል። «የአካባቢ ፕላን ከማዕድን ፈቃድ ጋር ምን አገናኘው?» ለሚል ሰው አጭሩ መልስ ይኸው ነው።

ችግሩ ዕቅዱ ራሱ የት አለ የሚለው ነው። ከተሞች በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ፕላን ያዘጋጃሉ። ገጠሩ ላይ ግን የመሬት አጠቃቀም ፕላን ይዘጋጅ የሚለው ሕግ ከቆየ ሰንብቷል፣ መሬት ላይ የወረደው ከፊሉ ብቻ ነው። የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ፕላን እንዲኖር አዝዞ ነበር። ያው አዋጅ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ይከለክል ነበር፤ ዛፍና መኖ ብቻ ይለማበት ይላል። ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። ሐሳቡን ግን ልብ ይሏል። ገበሬው ተራራው እንዳይሸረሸር ብሎ ሞፈር እንዳያነሳ ይከለከላል፤ ያው ተራራ ከጥቂት ዓመት በኋላ የካባ ፈቃድ ወጥቶበት በድማሚት ሲፈርስ ያያል። ሁለቱም ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። አንድ ላይ ሲታዩ ግን ለገበሬው የሚያስረዳለት ሰው ያስፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም።

ሁለት ወረቀት፣ አንድ ኮረብታ

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይረዳል።

የመጀመሪያው ዙር የገጠር ይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስም፣ የማሳው ስፋትና አዋሳኝ አለው። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ የወል መሬት። ማሳው የሚታወቀው በጎረቤቶቹ ነው። በኋላ በተጀመረው ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ላይ የማሳው ካርታ ተጨምሯል፤ ግን እሱ ያልደረሰበት አካባቢ አለ።

የማዕድን ፈቃዱ አባሪ ደግሞ የማዕዘን ነጥቦች ዝርዝር ነው። ነጥብ አንድ፣ ነጥብ ሁለት፣ ከጎኑ የመጋጠሚያ ቁጥሮች። ነጥቦቹ ሲያያዙ ካርታ ላይ ቅርጽ ይሠራሉ። በቅርጹ ውስጥ ማን እንደሚኖር ወረቀቱ አይናገርም።

አንዱ በሰው ስም ይናገራል፣ ሌላው በቁጥር። መዝገቦቹም የሚገኙት በተለያየ ቢሮ ነው፤ የመሬቱ በመሬት አስተዳደር፣ የማዕድኑ በማዕድን መሥሪያ ቤት። ሁለቱ ተነባብረው የሚታዩበት አሠራር በሌለበት ቦታ መደራረቡ የሚታወቀው ቀያሹ ችካል ሲመታ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ኩባንያው ፈቃዱን ይዟል፣ መሣሪያ ተከራይቷል፣ ባንክ ወለድ መቁጠር ጀምሯል። ገበሬው ዘሩን ዘርቷል። ከዚያ በኋላ የሚደረግ «ምክክር» በስም ብቻ ነው ምክክር የሚሆነው።

የወል መሬት ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። ካባ የሚከፈተው በአብዛኛው ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ነው። ከቢሮ ሲታይ ያ ቦታ ጠፍ መሬት ይመስላል፤ የተዘራበት የለም፣ ደብተር የወጣለት ግለሰብ የለም። ለመንደሩ ግን የከብት መዋያ፣ የማገዶና የሣር ቦታ፣ አንዳንዴም የምንጭ መነሻ ነው። የካሳ ሕጉ ለወል መሬትም ካሳ እንዳለ ቢናገርም ካሳው ለማን፣ በምን ስሌት፣ በማን እጅ ይደርሳል የሚለው በየቦታው ያጨቃጭቃል።

ፌዴራል፣ ክልል፣ ዞን

ሕገ መንግሥቱ ሥልጣኑን እንዲህ ከፍሎታል። አንቀጽ 51 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀም ሕግ የማውጣት ሥልጣንን ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። አንቀጽ 52 በዚያ ሕግ መሠረት መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የማስተዳደሩን ሥራ ለክልሎች ይሰጣል። በማዕድን አዋጁም ክፍፍሉ አለ። ትላልቁና የውጭ ባለሀብት የሚገባበት በአብዛኛው ከፌዴራል ነው፤ ባህላዊ አምራቾችና የአገር ውስጥ ባለሀብት የሚያወጣው የኮንስትራክሽን ማዕድን ከክልል።

በወረቀት ላይ ንጹሕ ነው። በተግባር አንድ ሲሚንቶ ፋብሪካ የኖራ ድንጋዩን ከአንድ ቦታ፣ ሸክላ አፈሩን ከሌላ፣ ፑሚሱን ደግሞ ከሦስተኛ ዞን ያመጣል። ከሦስቱ አንዱ ሲቆም ሁሉም ይቆማል።

በ2009 ዓ.ም. የሆነው ጥሩ ማሳያ ነው። የዳንጎቴ ሲሚንቶ ፋብሪካ በሙገር በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን የማምረት አቅም ይዞ ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። የኦሮሚያ ክልል በክልሉ ከተነሳው ተቃውሞ በኋላ ለወጣቶች ሥራ ለመፍጠር «የኢኮኖሚ አብዮት» የሚል ዘመቻ ላይ ነበር። የምሥራቅ ሸዋ ዞን ሲሚንቶ ፋብሪካዎች የፑሚስ ቁፋሮውን ለተደራጁ የአካባቢው ወጣቶች እንዲለቁ ጠየቀ። ዳንጎቴ ትእዛዙ ካልተቀየረ ፋብሪካውን ሊዘጋ እንደሚችል በይፋ ተናገረ።

ከኩባንያው አንጻር ይህ በሕግ የተሰጠ ፈቃድን በአስተዳደር ደብዳቤ መሻር ነው። የጥሬ ዕቃውን ጥራትና መጠን የማይቆጣጠር ፋብሪካ ደግሞ ምድጃውን ማቀድ አይችልም። ከዞኑ አንጻር ግን ሌላ ጥያቄ አለ። ጭነቱ በመንደሩ መንገድ ያልፋል፣ አቧራው በመንደሩ ላይ ያርፋል፣ ጉድጓዱ እዚያው ይቀራል፤ ታዲያ የመንደሩ ልጅ ቢያንስ ሥራውን ለምን አያገኝም? ሁለቱም ክርክር ክብደት አለው። ያልነበረው ክርክሩ የሚካሄድበት ጊዜና መድረክ ነው። ዞኑ ከፈቃዱ በፊት የሚናገርበት መደበኛ በር ቢኖረው ኖሮ ከፈቃዱ በኋላ በር የሚዘጋበት ምክንያት ይቀንስ ነበር።

ማኅበራት ማደራጀቱ በራሱ መፍትሔ ነው ብሎ መደምደምም ችኮላ ነው። የወጣቶች ማኅበር አካፋና ዶማ ይዞ የሚያወጣው አሸዋ ብዙ ጊዜ ቀለል ባለ ፈቃድ ነው የሚሠራው። በአዋጅ 678 መሠረት ለአካባቢ መልሶ ማልሚያ ገንዘብ የመያዝ ግዴታ በባህላዊ አምራቾች ላይ የለም። ስለዚህ አንድ ትልቅ ባለፈቃድን በሃያ ማኅበር ሲተኩት የሥራ ዕድሉ ይሰፋል፤ ጉድጓዱን የሚሞላው ግን ማን እንደሆነ ይጠፋል። ክረምት ሲገባ ውኃ የሚያቁረው ያ ጉድጓድ ለልጆችም ለከብቶችም አደጋ ነው።

ካሳው የሚሰላው በጤፉ ነው

ቅሬታውን ከሁሉ በላይ የሚያከርረው ይህ ክፍል ስለሆነ ዘርዘር ይበል።

በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 በቋሚነት ለሚነሳ ገበሬ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሳ ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። አዋጅ 1161/2011 ይህን አሻሻለው። አሁን መነሻው ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ነው፤ እሱ በ15 ይባዛል። በመሬቱ ላይ ያለው ንብረት ለብቻው ይሰላል።

ለምሳሌ ያህል፣ ከአንድ ማሳ በጥሩ ዓመት 40,000 ብር የሚያገኝ ገበሬ 600,000 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። ከድሮው ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን ስሌቱን አስተውሉት። የተባዛው የሰብሉ ገቢ ነው። ከሥሩ የሚወጣው ድንጋይ በስሌቱ ውስጥ የለም፤ በሕጉ የእሱ ስላልሆነ ሊኖርም አይችልም። ገበሬው ገንዘቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ከቀድሞ ማሳው በቀን ስንት ሲኖትራክ እንደሚወጣ ቆሞ መቁጠር ይችላል። ሕጉን የሚያውቅ ሰው «ልክ ነው» ይላል። ቆሞ የሚቆጥረው ሰው ግን እንደተታለለ ነው የሚሰማው። ብዙ የካባ ውዝግብ ካሳ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ እንደገና የሚያገረሸው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ሕጉ ለዚህ የሰጠው መልስ በሌላ በኩል ነው። ማዕድን አምራቹ ለመንግሥት ሮያሊቲ ይከፍላል። ሮያሊቲ ማለት የሕዝብ ሀብት ስለወጣ ከምርቱ ዋጋ በመቶኛ የሚቆረጥ ክፍያ ነው። ከዚያ ሌላ ባለፈቃዱ በአካባቢው የማኅበረሰብ ልማት ዕቅድ ገንዘብ መድቦ መሳተፍ አለበት። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሮያሊቲው ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል፣ የልማት ገንዘቡ ወደ ወረዳ ፕሮጀክት ይሄዳል። ማሳውን ያጣው ቤተሰብ ከሁለቱም ስሙን አያገኝም።

ሌላው ጉዳይ ጊዜያዊና ቋሚ የሚለው ልዩነት ነው። አሸዋ የሚወጣበት መሬት በንድፈ ሐሳብ ለጊዜው የተወሰደ ሊባል ይችላል፤ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል። ጊዜያዊ ከሆነ ካሳው ለተወሰዱት ዓመታት ብቻ ነው። ግን የላይኛው አፈር ተገፎ፣ ከሥሩ አሥር ሜትር ከተቆፈረ በኋላ የሚመለሰው ምን ዓይነት መሬት ነው? አፈሩ ለብቻ ተከምሮ ቆይቶ መልሶ ካልተነሰነሰ ስሙ መሬት ይሁን እንጂ ማሳ አይደለም። ይህ ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ፈቃዱ ሲሰጥ፣ በመልሶ ማልማት ዕቅዱ ውስጥ ነው።

ከተማው ወደ ካባው ሲመጣ

እስካሁን ያየነው ካባ ወደ ሰው ሲመጣ ነው። ሰው ወደ ካባ ሲሄድም አለ፤ ያውም እየበዛ።

የካባ ፈቃድ ሲወጣ ቦታው ከከተማ ውጭ ነበር። አሥር ዓመት ሲያልፍ ከተማው ሰፋ፣ ወሰኑ ካባውን ጠቀለለው፣ ዙሪያውን ቤት ተሠራ። አሁን ድማሚት ሲፈነዳ መስኮት ይርገበገባል፣ ግድግዳ ይሰነጠቃል። ነዋሪው ይዘጋልን ይላል። ባለካባው «እኔ ቀድሜ ነው የመጣሁት» ይላል። እዚህ ላይ የሕጎቹ ዕድሜ አይገጥምም። የከተማ መዋቅራዊ ፕላን ሕጋዊ ዕድሜው 10 ዓመት ነው። ከፍተኛ የማዕድን ማምረት ፈቃድ ደግሞ እስከ 20 ዓመት ይሰጣል፤ ከዚያም ይታደሳል። ስለዚህ አንድ ፈቃድ ቢያንስ ሁለት ፕላን ያያል። የመጀመሪያው ፕላን «የማዕድን ቦታ» ያለውን ሁለተኛው «መኖሪያ» ሊለው ይችላል።

ጥፋቱ የማን ነው? ብዙ ጊዜ የፕላኑ ይመስለኛል። ካባ መኖሩ እየታወቀ ዙሪያውን ለቤት መሸንሸን ነዋሪውንም ባለካባውንም ማጋጨት ነው። ካባ ሊከፈትባቸው የሚችሉ ቦታዎችን ቀድሞ ለይቶ፣ ዙሪያቸውን ክፍት ትቶ፣ ድንጋዩ ካለቀ በኋላ ለሌላ አገልግሎት ማዘጋጀት ለፕላን ባለሙያ አዲስ ነገር አይደለም። ያ ሲቀር ካባው ወደ ሚቀጥለው ወረዳ ይሸሻል። መንገዱ ይረዝማል፣ የጭነቱ ዋጋ ይጨምራል። ቤት የሚሠራው ሰው ይህን በጠጠሩ ዋጋ ይከፍለዋል፤ ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም።

ከከተማ ውጭም ተመሳሳይ ነገር አለ። በአቢጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አሸዋ እየተጫነ መውጣቱ ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል። ፓርክ መባሉ የመሬት አጠቃቀም ውሳኔ ነው፤ ጥብቅ ከሚባሉት ውስጥ ነው። ጠባቂ፣ ሌላ የሥራ አማራጭና ሌላ የአሸዋ ምንጭ ካልተጨመረበት ግን ካርታ ላይ ያለ ቀለም ሆኖ ይቀራል። በያዩም ጥያቄው ተነስቷል። ያዩ የዱር ቡና የሚገኝበት ደን ሲሆን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እዚያው ያዩ ከድንጋይ ከሰል ማዳበሪያ ለማምረት የታሰበው ግዙፍ ፕሮጀክት ለመንግሥታዊው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ተሰጥቶ ሳይሳካ ቀረ። ፕሮጀክቱ የከሸፈው ግን በደኑ ምክንያት አይደለም፤ የሥራ አፈጻጸምና የገንዘብ ጉዳይ ነው። ደኑና ከሰሉ ፊት ለፊት ተገናኝተው የማን ይቀድማል የሚለው በግልጽ የተወሰነበት ቀን አልመጣም።

አሜሪካኖቹ «የት»ን ከ«እንዴት» የለዩበት መንገድ

የሌላ አገር ሕግ እንዳለ አይቀዳም። ጥያቄውን ለማጥራት ግን ፔንሲልቬንያ ትጠቅማለች፤ የድንጋይ ከሰል አገር ስለሆነች ይህን ክርክር ደጋግማ አይታዋለች።

በዚያ ግዛት የገጸ ምድር ማዕድን ፈቃድ የሚሰጠው ግዛቱ ነው። የግዛቱ ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች ማዕድን ለመቆጣጠር ያወጧቸውን ደንቦች ይሽራል፤ ከአንድ ነገር በስተቀር። በፕላን ሕጉ መሠረት የወጣ የዞኒንግ ደንብ አይሻርም። ዞኒንግ ማለት አካባቢን ለመኖሪያ፣ ለእርሻ፣ ለኢንዱስትሪ እያሉ መከፋፈልና በየክፍሉ የሚፈቀደውን መወሰን ነው።

ሆፍማን የተባለ የማዕድን ኩባንያ በካምብሪያ ካውንቲ፣ አዳምስ በምትባል ትንሽ አስተዳደር ከሰል ሊያወጣ ፈለገ። የግዛቱ ሕግ ከመኖሪያ ቤት 300 ጫማ፣ ወደ 91 ሜትር፣ ራቅ ይላል። የአዳምስ የዞኒንግ ደንብ ደግሞ 1,000 ጫማ፣ ወደ 305 ሜትር፣ ይላል። ኩባንያው የግዛቱ ሕግ ይገዛል ብሎ ተከራከረ። የፔንሲልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ለአዳምስ ፈረደ። በግርድፉ ሲነገር፣ ቁፋሮው እንዴት ይካሄድ የሚለውን ግዛቱ ይወስናል፤ የት ይሁን የሚለው ውስጥ ግን አካባቢው ድምፅ አለው።

ሚኒሶታ ውስጥ የዊኖና ካውንቲ ከዚህም ርቆ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2016 ለነዳጅ ቁፋሮ የሚውለውን የሲሊካ አሸዋ ማውጣት ከልክሎ ለአካባቢ ግንባታ የሚሆነውን ፈቀደ። በ2020 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክልከላውን አጸናው።

ይህ አሠራር ጉድለትም አለው። እያንዳንዱ አስተዳደር «ያስፈልጋል፣ ግን እኔ ጋ አይሁን» ካለ ጠጠር የት ይወጣል? ልዩነቱንም መርሳት አይገባም። እዚያ ማዕድኑ ብዙ ጊዜ የግል ሀብት ነው፤ የመሬቱ ባለቤት ራሱ ከቁፋሮው ሊያተርፍ ይችላል። እዚህ ገበሬው ከድንጋዩ ድርሻ የለውም። ስለዚህ በእኛ አገር ለአካባቢው ድምፅ ቢሰጥ «እምቢ» የማለት ግፊቱ ከእነሱ የበለጠ ሊሆን ይችላል። ግን የፔንሲልቬንያው ደንብ አንድ ጥቅም አለው፦ ቀድሞ ተጽፎ የታተመ ነው። ኩባንያው መሬት ከመከራየቱ በፊት ገልጦ ያየዋል። እኛ ጋ አካባቢው እንዲህ ያለ የተጻፈ ሥልጣን የለውም፤ ነገር ግን መንገድ በመዝጋት፣ ደብዳቤ በማዘግየት፣ መኪና በማቆም ያንኑ ይከለክላል። የማገድ አቅሙ አለ። የሌለው የሚገመት መሆኑ ነው።

ግምገማው የት ይገባል?

አንዳንዶች ይህን ሁሉ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይፈታዋል ይላሉ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 በእርግጥ ጠንካራ ነው። ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት የአካባቢ ጥበቃው አካል ፕሮጀክቱን መፍቀዱን ማረጋገጥ አለበት። ጥናቱም ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት ይሰጥበታል።

ሁለት ነገር ያዳክመዋል። አንደኛው፣ ግምገማውን የማየት ሥራ ለዓመታት በውክልና ለየዘርፉ መሥሪያ ቤቶች፣ የማዕድኑን ጨምሮ፣ ተሰጥቶ ቆይቷል። ማዕድን እንዲስፋፋ የሚፈልግ ቤት ማዕድን ይቁም ብሎ ሊወስን መጠበቅ ከባድ ነው። ለውክልናው የሚቀርበው ምክንያት የባለሙያ እጥረት ነበር፤ እሱም ሐሰት አልነበረም። ሁለተኛው ይበልጥ መሠረታዊ ነው። ግምገማ የሚያየው አንድ ፕሮጀክትን ነው። አቧራውን፣ ውኃውን፣ ድምፁን ይለካል። በአንድ ወንዝ ዳር ስድስት ካባ ሲከፈት የስድስቱ ድምር ምን ያደርጋል የሚለውን ለማየት የተሠራው የመሬት አጠቃቀም ፕላን ነው። እያንዳንዱ ካባ ፈተናውን አልፎ ወንዙ ሊደርቅ ይችላል።

ፈቃድ ሲታደስ

አዲስ ፈቃድ ላይ ሥርዓቱን ማስተካከል ይቻላል እንበል። ቀድሞ የወጡትስ? እዚህ ላይ የዕድሳት ጊዜ ወሳኝ ነው፤ መንግሥት ውል ሳያፈርስ «ቦታው አሁንም ለዚህ ይሆናል ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ የሚችልበት ጊዜ ነውና።

በጉጂ ዞን፣ ሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገደንቢ ወርቅ ማውጫ የዚህን ክብደት አሳይቷል። ወርቁን የሚያወጣው ሚድሮክ የተባለው ኩባንያ የ20 ዓመት ፈቃዱ አልቆ በ2010 ዓ.ም. ለተጨማሪ 10 ዓመት ታደሰለት። ነዋሪዎች ከማዕድኑ በሚወጣ ብክለት ጤናችን ተጎዳ እያሉ ሲያሰሙ የነበረው ቅሬታ ወደ ሰፊ ተቃውሞ ተቀየረ። በሳምንታት ውስጥ የማዕድን ሚኒስቴር ፈቃዱን አገደ። ሥራው እንደገና እስኪጀምር ዓመታት አለፉ። ጥናቱ የተጠናው፣ ንግግሩም የተካሄደው ከእገዳው በኋላ ነው። ከዕድሳቱ በፊት ሆኖ ቢሆን ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር ወይ ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ሠራተኛው፣ መንግሥትና ነዋሪው ግን ዓመታት ባልጠፉባቸው ነበር።

በመጪዎቹ ዓመታት ዕድሳት የሚጠይቁ ካባዎችና የኖራ ድንጋይ ቦታዎች ጥቂት አይሆኑም፤ የኮንስትራክሽኑ ሩጫ የጀመረው ዛሬ አይደለምና። ብዙዎቹ ሲከፈቱ ገጠር ውስጥ ነበሩ፤ ዛሬ አጠገባቸው ትምህርት ቤት አለ። ማመልከቻቸው ማዕድን ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ሦስት ወረቀት አብሮ መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። አንዱ ቦታው ዛሬ በፕላን ምን ተብሎ እንደተያዘ ከወረዳው ወይም ከከተማው ፕላን ክፍል። ሁለተኛው ነጥቦቹ በማን ይዞታ ላይ እንደሚያርፉ ከመሬት አስተዳደር። ሦስተኛው ባለፉት ዓመታት የተቆፈረው ውስጥ ስንቱ መልሶ እንደተሞላ ከአካባቢ ጥበቃ። ሦስተኛውን ወረቀት ማምጣት የሚችል ባለካባ ከመንደሩ ጋር ሲነጋገር የሚጀምረው ከሌሎቹ በተሻለ ቦታ ላይ ሆኖ ነው።